ልጃችሁ "ፕሮ ባስኬት ተጫዋች ነው ምሆነው" ካለ፦ ከሚድል ስኩል እስከ መጀመሪያው ደሞዝ

እዚህ አሜሪካ ያደገ የኛ ልጅ አስራ ሁለት ዓመት ሲሞላው "ኤንቢኤ ነው ምገባው" ማለቱ አይቀርም። አባትየው ኳስ ሲባል እግር ኳስ ነው ሚመጣበት፣ እናትየው ደሞ "መጀመሪያ ዶክተር ሁን፣ ከዛ ትጫወታለህ" ትላለች፣ ነገሩ በሳቅ ያልፍና ልጁ 11ኛ ክፍል ደርሶ እውነትም ጎበዝ ሆኖ ሲገኝ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ቤት ውስጥ ሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ይሄን ምጽፈው ለነሱ ነው። ያለሁት ዲሲ አካባቢ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ይበዛሉ፣ ግን ሚኒሶታም ሲያትልም ዳላስም ያላችሁ ዋናው ህግ ያው ነው።

ቁጥሩን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን ሚመራው ድርጅት) ከጥቂት ዓመታት በፊት ባወጣው ስሌት ሀይስኩል ባስኬት ሚጫወቱ ወንዶች ከ540 ሺህ በላይ ናቸው። ከነሱ ኤንሲኤኤ ኮሌጅ ገብተው ሚጫወቱት 3.5 በመቶ ገደማ፣ ከኮሌጅ ለድራፍት (ኤንቢኤ በየዓመቱ አዲስ ተጫዋች ሚመርጥበት) ከደረሱት ውስጥ ደሞ ኤንቢኤ ሚመርጣቸው 1.2 በመቶ አካባቢ። ኤንቢኤ 30 ቲም ነው፣ አንዱ ቲም 15 መደበኛ ኮንትራትና 3 ቱ ዌይ ሚባል (ኤንቢኤና ከስሩ ያለው ሊግ ላይ እየተመላለሱ ሚጫወቱበት) ኮንትራት አለው፣ ደምሩት፣ በጠቅላላው 540 ቦታ። እሱም ላይ አስር ዓመት የተቀመጠ አለ፣ ከሰርቢያና ከፈረንሳይ የመጣ አለ። በዓመት ድራፍት ላይ ሚጠራው ስም ቢበዛ 60 ነው።

ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም፣ "ኤንቢኤ መግባት" እና "ባስኬት ተጫውቶ ደሞዝ መብላት" ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንድታዩ ነው። ጂ ሊግ (ከኤንቢኤ ስር ያለው ማሳደጊያ ሊግ) አለ፣ አውሮፓ አለ፣ ቱርክ፣ እስራኤል፣ ጃፓን፣ አውስትራሊያ፣ አሁን ደሞ የአፍሪካው ሊግ አለ። ስማቸውን ሰምተን ማናውቃቸው ብዙ ልጆች በዚህ ነው ሚኖሩት። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ደሞ የኛን ልጆች ከመንገድ ሚያስቀራቸው ብዙ ጊዜ ሹት አለመቻል ሳይሆን ወረቀት ነው፣ ትራንስክሪፕት፣ የልደት ቀን፣ ቪዛ፣ ያልተነበበ ኮንትራት። ስለዚህ በየደረጃው እራሳችሁን ምትጠይቁት "ይሄ ውሳኔ ቀጣዩን በር ይዘጋብኛል ወይ?" ነው።

ከ8ኛ ክፍል በታች ላለ ልጅ ብር አታባክኑ። በሰዓት መቶ ዶላር ሚያስከፍል ትሬይነር አያስፈልገውም፣ የካውንቲው ሪክሪየሽን ሊግ፣ ኮሚዩኒቲ ሴንተርና ሰፈር ያለ ሁፕ ይበቃዋል። እግር ኳስም ይጫወት፣ ለእግር አጣጣሉ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ በ13 ዓመቱ ከክፍሉ ረጅም የሆነ ልጅ ኮቹ ወዲያው ባስኬቱ ስር ያቆመዋል፣ ሪባውንድ ብቻ ያዝ ይለዋል፣ ከዛ 17 ዓመት ሲሞላው ስድስት ጫማ ላይ ይቆምና ድሪብል ማይችል አጭር ሴንተር ሆኖ ይቀራል። የቤተሰባችሁን ቁመት ታውቁታላችሁ፣ አጎቶቹን እዩ፣ የእናቱን ወንድሞች እዩ። ልጁ ጋርድ ሚሆን ከሆነ ከአሁኑ በሁለቱም እጁ ድሪብል ማድረግ፣ ፓስ መስጠትና ከርቀት ሹት ማድረግ ይልመድ፣ ቁመቱ ከጨመረም ትርፍ ነው።

የጾም ነገር ሁሌ ይነሳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሚውለውም የሀይስኩል ሲዝን ማለቂያና ፕሌይኦፍ ላይ፣ ልጁ ሚጾም ከሆነ ሰላጣና ዳቦ ብቻ በልቶ ልምምድ አይግባ። ምስሩም ሽሮውም ሽምብራውም ኦቾሎኒውም አለ፣ መጠኑ ግን ከሱ እድሜ ከማይጫወት ልጅ እጥፍ ሊሆን ይችላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብና ውሃ መቆየቱን ደሞ ከነፍስ አባቱ ጋ ተነጋገሩበት። ረመዳን ሚጾምም ከሆነ ለኮቹ ቀድሞ ይንገር፣ ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ያድርግ። ሀኪም ኦላጁዎን በ1995 ረመዳንን እየጾመ ተጫውቶ የፌብሩዋሪ ወር ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፣ ስለዚህ አይቻልም ሚላችሁን አትስሙ፣ ያለ እቅድ ግን አይሆንም።

ሀይስኩል ሲገባ መጀመሪያ ሚያስለቅሰው ጄቪ (የትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ቲም) መመደብ ነው። ዴማታ ሚባለው ሀያትስቪል ያለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ውስጥ ማርኬል ፉልትስ 10ኛ ክፍል ሆኖ ጄቪ ነበር ሚጫወተው፣ በ2017 የኤንቢኤ ድራፍት አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ስለዚህ በ15 ዓመቱ ቫርሲቲ (ዋናው ቲም) አልገባም ብላችሁ ትምህርት ቤት ለመቀየር አትሩጡ። ይሄ አካባቢ ትልልቅ የግል ትምህርት ቤቶች አሉት፣ ዴማታ፣ ፖል ሲክስዝ፣ ጎንዛጋ፣ ሴንት ጆንስ፣ ሁሉም ከአገሪቱ ጠንካራ ሊጎች ባንዱ ውስጥ ናቸው፣ ግን ክፍያው ከባድ ነው፣ ፋይናንሻል ኤድ ቢሰጡም። የኔ ሀሳብ፣ እዛ ሄዶ ወንበር ላይ ሚቀመጥ ከሆነ በሰፈሩ ፐብሊክ ስኩል ጨዋታውን ሙሉ ሚጫወት ልጅ ይሻላል፣ ቪዲዮ ላይ ሚታየው የተጫወተ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ሚቀይርም ከሆነ ከመቀየሩ በፊት አትሌቲክ ዳይሬክተሩን አናግሩ፣ ያለ አድራሻ ለውጥ የተዛወረ ልጅ ጨዋታ ሊከለከል ይችላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የኛ ሰው የልደት ቀን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ዓመተ ምህረቱን ወደ ፈረንጅ ሳይቀይሩ የጻፉ አሉ (ያ ልጁን ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል)፣ ቀንና ወሩን እንደመጣላቸው የሞሉ አሉ፣ ለፕሮሰስ ሲባል የተነካካም አለ። የሀይስኩል ስፖርት የእድሜ ገደብ አለው፣ ባብዛኛው የትምህርት ዓመቱ ሲጀምር 19 የሞላው ልጅ አይጫወትም። ስህተት ካለ 9ኛ ክፍል ላይ ነው ሚስተካከለው፣ የክትባት ካርድ፣ የጥምቀት ወረቀት፣ የሆስፒታል ማስረጃ ሰብስባችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂዱ። 12ኛ ክፍል ላይ የተጀመረ ማስተካከያ ለሲዝኑ አይደርስም፣ ሰውም በጥርጣሬ ነው ሚያየው።

ትራንስክሪፕት ደሞ ከሁሉም ይበልጣል። ኤንሲኤኤ ዲቪዥን ዋን (ከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ) ለመጫወት 16 ኮር ኮርስ፣ ማለትም ኤንሲኤኤ ሚቆጥረው ዋና ትምህርት፣ ያስፈልጋል፦ 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ዓመት ሂሳብ (አልጀብራ ዋን ወይም ከዛ በላይ)፣ 2 ዓመት ሳይንስ፣ 2 ዓመት ሶሻል ሳይንስ፣ የቀረው ከነዚሁና ከተፈቀዱ ተጨማሪ ኮርሶች። በነዚህ ኮርሶች ብቻ ሚሰላው ጂፒኤ 2.3 መድረስ አለበት፣ ለዲቪዥን ቱ 2.2። ከ16ቱ ደሞ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከ10ሩ 7ቱ እንግሊዝኛ ሂሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው፣ እነሱን ጂፒኤ ለማሻሻል ብሎ በኋላ መድገም አይቻልም። ኤስኤቲ ከ2023 ወዲህ ለኤንሲኤኤ ግዴታ አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ግን ሊጠይቅ ይችላል። ከአገር ቤት በቅርብ ለመጣ ልጅ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ለሚማሩ አዲስ መጪዎች ሚሰጥ) ክላስ ነው፣ እንግሊዝኛ ነው ብላችሁ ትቆጥሩታላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ግን ኮር ኮርስ ውስጥ አይገባም፣ ኤንሲኤኤ ለያንዳንዱ ትምህርት ቤት ያጸደቀው የኮርስ ዝርዝር ዌብሳይቱ ላይ ስላለ ካውንስለሩ ጋ ቁጭ ብላችሁ አመሳክሩ። ሁለተኛው ከአገር ቤት ያለው ውጤት ነው፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ሁሉ ስለሚጠየቅ ማህተም ያለበትን ትራንስክሪፕት አዲስ አበባም ይሁን ጎንደር ሳትነሱ ያዙ፣ ከዚህ ሆኖ ዘመድ ልኮ ማስወጣት ስቃይ ነው። 12ኛን ጨርሶ ቪዛ ሲጠብቅ ዓመታት ያለፉበት ልጅም ሰዓቱ እየቆጠረበት ነው፣ በነዚያ ዓመታት ውድድር ከተጫወተ ከኮሌጅ ዓመቱ ሊቀነስበት ይችላል።

ኤኤዩ ወደሚባለው፣ ከትምህርት ቤት ውጪ በክለብ ወደሚካሄደው የሰመር ጨዋታ ስንመጣ እዚህ ነው ብር ሚበላው። ላይ ያሉት ሰርኪዩቶች የጫማ ድርጅቶች ናቸው፣ የናይኪ ኢዋይቢኤል፣ የአዲዳስ፣ የአንደር አርመር፣ እዚህ አካባቢ ቲም ቴክኦቨርና ቲም ዱራንት ናይኪ ጋ ናቸው። እዛ የደረሰ ልጅ ጫማም ጉዞም ይከፈልለታል፣ ከዛ በታች ያሉት ቲሞች ግን ወላጅ ነው ሚከፍለው፣ ሆቴሉ፣ ቤንዚኑ፣ መግቢያው (ወላጅም በር ላይ ይከፍላል፣ ልጅህን ለማየት!)። "ኤክስፖዠር ቶርናመንት" ሚል ስም ስላለው ብቻ ኮሌጅ ኮች አይመጣም፣ ኮቾች ወጥተው ማየት ሚችሉበት ላይቭ ፒሪየድ ሚባል የተወሰነ ጊዜ ነው፣ ጁላይ ዋናው ነው። ስለዚህ ቲሙን ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፣ በላይቭ ፒሪየድ የት ነው ምትጫወቱት፣ ባለፉት ዓመታት ከናንተ የትኞቹ ልጆች የት ኮሌጅ ገቡ። መልሱ ከተድበሰበሰ ብሩን ያዙት። ጁላይ ላይ የኛ የስፖርት ፌስቲቫልም አለ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሚሄድበት፣ ጉዞ ስታቅዱ የልጁን ካላንደር አስቀድማችሁ እዩ።

ማንም መጥቶ እስኪያገኘው አትጠብቁ። ሁድል ሚባለው የስፖርት ቪዲዮ ዌብሳይት ላይ ሶስት አራት ደቂቃ ሚሆን ቪዲዮ ይኑረው፣ ደንክ ብቻ ሳይሆን ዲፌንስም ፓስም ሚያሳይ፣ ከስሩ ሁለት ሙሉ ጨዋታ ይያያዝ። ኢሜይሉን እራሱ ይጻፍ እንጂ እናንተ አትጻፉለት፣ ቁመት፣ ጂፒኤ፣ ምረቃ ዓመት፣ የኮቹ ስልክ፣ በቃ። የዲቪዥን ዋን የወንዶች ኮቾች 10ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ካለው ጁን 15 በፊት በቀጥታ ሊደውሉለት ስለማይችሉ ከዛ በፊት ዝም ቢሉ አትደንግጡ። "ኢሊት ካምፕ ተጋብዘሃል" ሚል ደብዳቤ ሲመጣ ደሞ አትጨፍሩ፣ ክፍያ ያለበት ካምፕ ለብዙ ልጅ ነው ሚላከው። ተፈልጎ ከሆነ ኮቹ ይደውላል፣ ጨዋታውን መጥቶ ያያል።

ኮሌጅ ምርጫ ላይ የኛ ወላጅ ስም ነው ሚያየው። ዲቪዥን ዋን ብቻውን ከ350 በላይ ትምህርት ቤት አለው፣ ከዛ ዲቪዥን ቱ፣ ስኮላርሺፑ ባብዛኛው ከፊል ነው፣ ዲቪዥን ስሪ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም፣ ኤንኤአይኤ ሚባል ሌላ የኮሌጆች ማህበር አለ፣ ሁለት ዓመቱ ጁኮ (ጁኒየር ኮሌጅ) አለ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ይቻላል፦ ጂሚ በትለር ቴክሳስ ውስጥ ካለ ታይለር ሚባል ጁኒየር ኮሌጅ ተነስቶ ማርኬት ገባ፣ በ2011 የመጀመሪያው ራውንድ መጨረሻ 30ኛ ሆኖ ተመረጠ። ደንከን ሮቢንሰን ዊልያምስ ሚባል ዲቪዥን ስሪ ኮሌጅ ጀምሮ ሚሺጋን ተዛወረ፣ በ2018 ሳይመረጥ ቀረ፣ በ2021 ከማያሚ ጋ 90 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ለየት ያሉ ታሪኮች ናቸው፣ ግን ምንም ቦታ ቢጀምር ሚጫወትበት ቦታ መጀመሩ ነው ያወጣቸው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ብዙ ወላጅ ማያውቀው ነገር አለ። ሀርቫርድ፣ ፕሪንስተን፣ ዬል፣ ኮሎምቢያ እነዚህ ሁሉ አይቪ ሊግ ዲቪዥን ዋን ነው ሚጫወቱት፣ የስፖርት ስኮላርሺፕ ግን አይሰጡም፣ በቤተሰብ ገቢ ነው ሚረዱት። አባትየው ኡበር እናትየው ነርሲንግ ሆም ሚሰሩበት ቤት ከሆነ እርዳታው ከስኮላርሺፕ ያልተናነሰ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ወላጅ ምንም አይከፍልም። ደሞ ገንዘቡ በኳስ ላይ ስላልተመሰረተ ልጁ ጉልበቱ ቢጎዳ ወይ ከኮቹ ጋ ቢጣላ ትምህርቱ ይቀጥላል። ውጤቱ ጥሩ የሆነ ልጅ ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ ባይ ነኝ፣ "ዶክተር ሁን" ላለችው እናትም መልስ ይሆናል።

አሁን ያለው ኮሌጅ ባስኬት እናንተ በቲቪ ያያችሁት አይደለም። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ብር መስራት ይችላል፣ ኤንአይኤል ሚሉት፣ ከ2025 ጀምሮ ደሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶለታል። በሌላ በኩል ተጫዋች ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እንደልቡ ይዛወራል፣ ትራንስፈር ፖርታል ሚባለው። ለሀይስኩል ልጅ ውጤቱ ምንድነው፣ ኮቹ የ18 ዓመት ልጅ ከሚያሳድግ የ22 ዓመት የጠነከረ ሰውዬ ከፖርታል ይወስዳል፣ ቦታው ጠቧል። ስለዚህ "ኦፈር አለኝ" ማለት ብዙም ትርጉም የለውም፣ በጽሁፍ ያለው ስምምነት ላይ ስኮላርሺፑ ለስንት ዓመት ነው፣ ቢጎዳ ህክምናውን ማን ይከፍላል፣ ኮቹ ቢባረርስ፣ እነዚህን ጠይቁ። በኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ደሞ የኤንአይኤል ብር ከመንካቱ በፊት ጠበቃ ያናግር፣ ቪዛው የስራ ገደብ ስላለው ጥቂት ሺህ ዶላር ስታተሱን ልታበላሽ ትችላለች።

ስለ ሴት ልጆች ትንሽ ልበል፣ ቤታችን ውስጥ ስለማይወራ። ለሴቶች ያለው የኮሌጅ እድል ከወንዶቹ አያንስም፣ ከኛ ማህበረሰብ ሚሞክሩት ግን ጥቂት ናቸው። ደብሊውኤንቢኤ (የሴቶቹ ኤንቢኤ) ቦታው ጠባብ ነው፣ ቲሞቹ ከኤንቢኤ ግማሽ አይበልጡም፣ በ2024 አንደኛ የተመረጠችው ኬትሊን ክላርክ የመጀመሪያ ዓመት የሊግ ደሞዟ 76,535 ዶላር ነበር፣ ብዙዎቹም ሊጉ ሲዘጋ ውጭ ሀገር ሄደው ሲጫወቱ ነው የኖሩት። ያም ሆኖ ያለ ብድር መመረቅ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ ልጅቷ መጫወት ከፈለገች አታስቀሯት።

ድራፍት። አሜሪካ የተማረ ልጅ በድራፍቱ ዓመት 19 ሊሞላውና ክፍሉ ሀይስኩል ከጨረሰ አንድ ዓመት ሊያልፍ ይገባል። ገና ዓመት እየቀረው ስሙን አስገብቶ ቲሞች ምን እንደሚሉት ሰምቶ በቀነ ገደቡ ከወጣ ኮሌጅ መመለስ ይችላል፣ ቀኑ ካለፈበት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሺካጎ ላይ ከድራፍቱ በፊት ተጫዋቾች ሚፈተኑበት ኮምባይን ሚጠሩት ጥቂት ናቸው። አራተኛ ዓመት ለጨረሱት ቨርጂኒያ ውስጥ ፖርትስመዝ ኢንቪቴሽናል ሚባል ውድድር ኤፕሪል ላይ አለ፣ 64 ልጅ ይጠራል፣ ከኤንቢኤም ከአውሮፓም ተመልካች ይመጣል። በመጀመሪያው ራውንድ የተመረጠ ሁለት ዓመት ዋስትና ያለው ኮንትራት ያገኛል፣ ሁለተኛው ራውንድ ላይ እንደዛ አይነት ዋስትና የለም፣ አንዳንዴም 55ኛ ከመመረጥ ሳይመረጡ ቀርቶ የሚስማማውን ቲም መምረጥ ይሻላል። ፍሬድ ቫንቭሊት በ2016 አልተመረጠም፣ በ2019 ቶሮንቶ ሻምፒዮን ሲሆን ወሳኝ ተጫዋች ነበር።

ያልተመረጠ ልጅ ጁላይ ላይ ላስ ቬጋስ ሰመር ሊግ ይጫወታል፣ ከዛ ኤግዚቢት 10 ሚባል ኮንትራት ሊሰጡት ይችላሉ፣ ትርጉሙ ካምፕ ግባ፣ ከተቆረጥክ የኛ ጂ ሊግ ቲም ሂድ፣ እዛ 60 ቀን ከቆየህ ቦነስ አለህ ነው። ጂ ሊግ ደሞዙ ለሲዝን ከ40 ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቱ ዌይ ያገኘ ግን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ። ክፍት ትራይአውትም አለ፣ ከፍለህ ምትገባበት፣ ጆናተን ሲመንስ በ2013 150 ዶላር ከፍሎ ኦስቲን ባለው የሳን አንቶኒዮ ማሳደጊያ ቲም ተሞከረ፣ ሳን አንቶኒዮ ደረሰ፣ በ2017 ከኦርላንዶ ጋ የ20 ሚሊዮን ኮንትራት ፈረመ። ስሙ ሚነሳው ግን እንደሱ ያሉት ጥቂት ስለሆኑ ነው።

አገር ቤት ላለ ልጅ መንገዱ ሌላ ነው። ኤንቢኤ ሴኔጋል ሳሊ ላይ አካዳሚ አለው፣ ከ2021 ጀምሮ ደሞ ባል ሚባለው የአፍሪካ ክለቦች ሊግ ኪጋሊ ላይ ተጀምሯል። ጎረቤታችንን እዩ፣ ደቡብ ሱዳናዊው ካማን ማሉዋች ኡጋንዳ በስደት አድጎ፣ ኳስ የጀመረው አስራ ሶስት ዓመት አካባቢ ሆኖት፣ በሴኔጋሉ አካዳሚና በባል አልፎ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በ2025 ድራፍት 10ኛ ሆኖ ተጠራ። ልዩነቱ ግን ቁመቱ ሰባት ጫማ ከሁለት ኢንች ነው፣ ስካውት አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ ሚፈልገው ይሄንን ነው፣ ባጭር ቁመት ከአዲስ አበባ መውጣት ከባድ መሆኑን ሳልነግራችሁ ባልፍ ውሸት ይሆናል።

ወደ ውጭ ሀገር ሚሄደው ልጅ ጋ እንመለስ፣ ብዙሃኑ እሱ ስለሆነ። የመጀመሪያው ዓመት ትንንሽ ሊግ ላይ በወር ጥቂት ሺህ ዶላር፣ ቤት፣ አንዳንዴ መኪና ነው። ኮንትራቱ ላይ ደሞዙ ከታክስ በኋላ መሆኑን፣ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ሲጎዳ ሚሆነውን አንብቡ። የኤንቢኤ ኤጀንት በተጫዋቾች ማህበሩ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፣ ከ4 በመቶ በላይም አይወስድም፣ ውጭ ሀገር ግን 10 በመቶ የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜም ክለቡ ነው ሚከፍለው። ቅድሚያ ክፈሉኝና ቲም ላገኝላችሁ ሚል ኤጀንት ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉ። ደሞዝ ሚያዘገይ ክለብ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ክርክር ሲነሳ ጉዳዩ በፊባ የግልግል ዳኝነት እንዲታይ ሚል አንቀጽ፣ ባት ሚሉት፣ ኮንትራቱ ውስጥ ከሌለ አይፈርም። የቱንም ያህል ቆንጆ ከተማ ቢሆን።

ፓስፖርት እዚህ ላይ ይሰራል። ብዙ የአውሮፓ ሊጎች የአሜሪካውያንን ቁጥር ይገድባሉ። ስፔንና ፈረንሳይ ውስጥ ደሞ ኮቶኑ በተባለው ስምምነት ውስጥ ያሉ አገሮች ዜጎች ከሌላው የውጭ ተጫዋች ተለይተው ነው ሲቆጠሩ የኖሩት፣ ኢትዮጵያም ስምምነቱ ውስጥ ነበረች፣ ያ ስምምነት ግን አሁን በሌላ ተተክቷል። ገና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ልጅ ካላችሁ ኤጀንቱ ይሄን ማወቅ አለበት (የአሜሪካ ዜግነት ይተው ማለቴ አይደለም፣ ደሞ እንዳታጣሉኝ)።

ግሪን ካርድ ይዞ ሚሄድ ልጅ ደሞ ሲዝኑ ስምንት ዘጠኝ ወር መሆኑን አትርሱ፣ ከስድስት ወር በላይ ውጭ መቆየት ለዜግነት ሚቆጠረውን ጊዜ ሊያቋርጥበት ይችላል፣ ዓመት ካለፈ ደሞ መመለሱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ረዘም ሚል ከሆነ ሪኤንትሪ ፐርሚት ያውጣ፣ ማመልከቻው አይ 131 ነው፣ ሚሞላውም አሜሪካ ውስጥ እያለ ስለሆነ ክለቡ ትኬት ከመላኩ በፊት ይጨርስ። ታክስም እዛ ተከፈለ ብሎ እዚህ ሳያስገባ እንዳይቀር፣ የክፍያ ወረቀቱን በየወሩ ከክለቡ ይቀበል።